ዳኛ የሌለው ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ማርች 1፣ 2008

ካፕቴናችን ጄና ዛሬ አዋጅ አወጣች። እያንዳንዷ ተጫዋች እስከ ሲዝኑ መጨረሻ ማስታወሻ ትይዛለች፦ ምን ተማርኩ፣ ምን አጠፋሁ፣ ምን ተሰማኝ። «አንዳንዴ ተቀብዬ አያለሁ» ብላለች። ትይ እንግዲህ። እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። አዲስ አበባ እስከ ሰባተኛ ክፍል የቆጠርኩት ፊደል እዚህ አሜሪካ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ጠቀመኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ራሳችሁና ስለ ጨዋታው ጻፉ ተብለናል። ሄራን እባላለሁ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ግሪን ቫሊ ራንች እንኖራለን፤ ነፋስ ሌላ ማደሪያ ያጣ ይመስል እኛ ሰፈር ነው የሚያድረው። ጨዋታው ፍሪዝቢ ነው። እማዬ «ሳህን ውርወራ» ትለዋለች፤ ጓደኞቿ «ልጅሽ ምን ትጫወታለች?» ሲሏት ደግሞ «ሩጫ ቢጤ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ሰባት ለሰባት ነን። ፍሪዝቢዋን እየተቀባበልን ሄደን አንዳችን ሜዳው ጫፍ ካለው የጎል ክልል ውስጥ ከቀለብናት ጎል ነው። ይዞ መሮጥ የለም። መሬት ከወደቀች ለተጋጣሚ ትሆናለች። መገፋፋት የለም። ዳኛም የለም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተመታችው ራሷ «ፋውል» ብላ ትጮሃለች፤ ይህ «ኮል ማድረግ» ይባላል። የመታችው ወይ «ልክ ነሽ» ትላለች፣ ወይ «አልቀበልም» ትላለች። ካልተቀበለች ፍሪዝቢዋ ወደ ወርዋሪዋ ተመልሳ እንደገና ትወረወራለች። የተመታችው ዝም ካለች ግን እንደተመታች ቀረች፤ ሌላ ሰው ሊጮህላት አይችልም።

ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም።

ለምን እንደምጫወት፦ አምና በሜዳው አቋርጬ ወደ መኪናዬ ስሄድ አንድ ነገር ወደ ጭንቅላቴ እየበረረ መጣ። ቀለብኩት። ጄና ሮጣ መጥታ ስሜን ጠየቀችኝ። በቃ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ትናንት ሁዳዴ ገባ። ልምምድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ባዶ ሆዴን ነው የምሮጠው። ልጆቹ ፒዛ አዘው «ብይ» ሲሉኝ በዓይኔ ሰላም ብዬው አለፍኩ። ለምን እንደማልበላ ሳስረዳቸው አንዷ «ሃምሳ አምስት ቀን? ዓሣም የለም?» አለችና በአዘኔታ ብዛት የራሷንም ቁራጭ አስቀመጠች። ስታስቀምጠው ደግሞ እኔን ጨነቀኝና «ኧረ ብዪ፣ እኔ ደስ ይለኛል» እያልኩ ስለምናት ቆየሁ።

እማዬ ዛሬ ደስ ብሏታል። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት። አብራት የምትሠራ ሴት አለች፤ እማዬ «ልጅቷ» ነው የምትላት፣ አርባ ዓመት አያንሳትም። ዘንድሮ የእነሱ ፋሲካ ማርች 23፣ የእኛ ኤፕሪል 27 ሆኖ ከወር በላይ ተራርቋል። ልጅቷ «የእኔን ፋሲካ አንቺ ሥሪልኝ፣ ያንቺን እኔ እሠራልሻለሁ» አለቻት። እማዬ ነገሩን ስታወራልኝ ከሰማይ የወረደ መፍትሔ ነበር ያስመሰለችው። ለፋሲካ ቶርንተን የቤተሰባችን ወዳጅ ጋሼ ኣስመላሽ ቤት ተጠርተናል፤ በየዓመቱ እንጠራለን፣ በየዓመቱ እማዬ ሥራ ትገባለች።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የመጀመሪያው ቱርናመንት፣ አውሮራ። ፀሐይና ነፋስ። ሁለት አሸንፈን በአንድ ጎል ተሸነፍን።

እንዴት እንደተሸነፍን መጻፍ አለብኝ መሰለኝ። ሦስተኛው ጨዋታ ከቀዮቹ ጋር ነበር፤ ከሰሜን በኩል የመጣ ኮሌጅ ነው። ጫማዬን እያሰርኩ «ሄሪ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ወጋሕታ ናት! የጋሼ ኣስመላሽ ልጅ! በቀይ ማሊያ። ፍሪዝቢ መጫወቷን አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። ቤተሰቦቻችን በዓል በመጣ ቁጥር ያወራሉ፣ «ልጄ ሳህን ትወረውራለች» ብሎ ግን ማን ይናገራል? አቅፋ አዞረችኝ። ቀጥሎ ጨዋታው ተጀመረና እኔን እንድትይዝ ተመደበች።

አሜሪካ የገባን ሰሞን ያስጠጉን እነሱ ናቸው። ጋሼ ኣስመላሽ ዱሮ አዲስ አበባ ከእማዬ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፤ ኤርትራና ኢትዮጵያ ሲለያዩ እነሱ አልተለያዩም። የቶርንተን ቤታቸው ትንሽ ነበር። እማዬ ሶፋ ላይ፣ እኔ ወጋሕታ አልጋ ላይ። ወጋሕታ መሬት ተኛች፤ በረዶው እስኪያልፍ ድረስ። እማዬ እስካሁን «የእነሱን ውለታ በምን እንከፍለዋለን?» ትላለች። «እነሱ ፊት ቀና እንዳትዪ» ብላኝ ነው ያሳደገችኝ።

ታዲያ ወጋሕታ ስትጫወት ሌላ ሰው ናት። ፈጣን ናት፣ ረጅም ናት፣ ክርኗ ደግሞ የራሱ ሐሳብ አለው። መጀመሪያ ትከሻዬን መታችኝ። ዝም። ቀጥሎ ልቀልብ ስዘል ክንዴን ጎተተችው። ዝም። በመጨረሻው ጎል ገፍታኝ በደረቴ ሜዳው ላይ ተንሸራተትኩ። ጄና ከዳር ሆና «ሄራን! ኮል አድርጊው!» ብላ ጮኸች። እኔ ሣር እያራገፍኩ ተነሥቼ ፈገግ አልኩ።

ማታ ሽልማት ነበር። አንደኛ የወጣው ቡድን ዋንጫ ወሰደ። እኛ ደግሞ ሌሎቹ ቡድኖች ድምፅ ሰጥተውን የመልካም ጠባይ ሽልማት አገኘን፤ ሽልማቱ የጎማ ዶሮ ነው። ጄና አንገቱን ይዛ ወደ እኔ አየች። በጾም ዶሮ ተሸለምን።

እሁድ፣ ማርች 16

ክንዴ ጠቁሯል። እማዬ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «በር» አልኳት። ከወጋሕታ ጋር መጋጠሜን አልነገርኳትም። ለምን ብዬ እነግራታለሁ?

ረቡዕ፣ ማርች 19

ጄና ካፌ ጠራችኝ። ፊቷን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጄና ጥሩ ሰው ናት፤ ክፉ ነገር ስትናገር ናፕኪን ትቀዳድዳለች።

እንዲህ አለች፦ ዘንድሮ አሥር ነን፣ አንዷ ጉልበቷ ተጎድቶ ቀርታለች። ክለባችን ከተቋቋመ ጀምሮ ከአካባቢው ውድድር አልፎ ሪጅናል ወደሚባለው ቀጣይ ዙር ገብቶ አያውቅም። ዘንድሮ መግባት እንችላለን። ፈጣኗ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ሁሉም ቡድን ጠንካራዋን ሰው አንቺ ላይ ይመድባል። የሚመቱሽ እነሱ ናቸው፣ የምንሸነፈው እኛ ነን። «ኮል ማድረግ ካልቻልሽ ወሳኝ ጨዋታ ላይ ከመነሻው ሰባት ውስጥ አላስገባሽም።»

«ገባኝ፣ ልክ ነሽ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት።

«ይኸው!» አለች ጄና። «አሁንም! ተናደጂብኝ እንጂ!»

ናፕኪኑን ሰብስቤ ጣልኩላት። ፊቴን ሳልለውጥ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ግን ትንሽ አለቀስኩ። ያለ ፍሪዝቢ ኮሌጅ ማለት ለእኔ ክፍል፣ ፓርኪንግ፣ ክፍል፣ ፓርኪንግ ነው። ስሜን አስተካክለው የሚጠሩኝ እነዚህ ልጆች ብቻ ናቸው።

እሁድ፣ ማርች 23

የፈረንጅ ፋሲካ። እማዬ የልጅቷን ቀን ልትሠራ ገባች። ምሳዋን ረስታ ስለሄደች ሽሮዋን ይዤላት ሄድኩ። ዳውንታውን ጭር ብሏል፤ ባቡሩ እንኳ ባዶውን እየደወለ ያልፋል። እማዬ መስታወት ቤቷ ውስጥ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። አንድ ሰውዬ ትኬቱን ጥሎት፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል ሲቆጣት አገኘሁ። እማዬ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ» ትለዋለች። ሰውዬው ሲሄድ «ለምን ይቅርታ ትዪዋለሽ? ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

«ዝም አይነቅዝም ልጄ» አለችኝ፣ ሽሮዋን እየከፈተች።

ባሕርይዋ አንዳንዴ ያናድደኛል። ሰው እንዴት ሁልጊዜ እሺ ይላል? ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

ዓርብ፣ ማርች 28

በረዶ ዘንቦ ጂም ውስጥ ተለማመድን። ጄና ለእኔ ብቻ የሚሆን ልምምድ ፈጥራለች። ልጆቹ በተራ እየመጡ በትራስ ይመቱኛል፣ እኔ «ፋውል» ብዬ እጮሃለሁ። የመጀመሪያዋን «ፋውል፣ ይቅርታ» አልኳት። ሁለተኛዋን «ፋውል መሰለኝ» አልኳት። ሦስተኛዋን «ፋውል! ደህና ነሽ ግን?» ስላት ጄና ወለሉ ላይ ተዘረረች። ስንስቅ ዋልን።

በመጨረሻ ጥሩ እጮህ ነበር። ትራሱ የማንም ልጅ አይደለም።

ሻወር ቤት ጫማዬን ስፈልግ ከወዲያ በኩል አንዷ «ደስ የምትል ልጅ ናት፣ ግን ደስ የሚል ሰው አያሸንፍም» ስትል ሰማሁ። ማን እንደሆነች ድምጿን አውቄዋለሁ። እንዳልሰማሁ ሆኜ፣ እንዳታፍር ብዬ እስክትወጣ ተደብቄ ጠበቅሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ጭቃ። ብርድ። ቀዮቹ እንደገና። ጄና «አንድ ዕድል» ብላ ከመነሻው አስገባችኝ።

ወጋሕታ ሁለቴ መታችኝ። ሁለቴ ዝም አልኩ። ጄና ሳትጮህ አስወጣችኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ወጋሕታ ተከትላኝ መጣች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ በእንግሊዝኛ ያለችውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል፦

«ሄሪ፣ ለምንድነው ኮል የማታደርጊው?»

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት በአማርኛ።

«መሆን አለመሆንሽን አልጠየቅኩሽም። እኔ ስሮጥ አላይም፤ እንደመታሁሽ የማውቀው ስትነግሪኝ ነው። ሌላው ሰው ግን ያያል። የራሴ ቡድን ልጆች እንኳ 'አጭበርባሪ' እያሉ መቀለድ ጀምረዋል። ዳኛ የለንም እኮ። አንቺ ጨዋ በሆንሽ ቁጥር እኔ ሌባ እሆናለሁ።»

«እንደሱ አስቤ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። የውሃ መቅጃውን ይዛልኝ ጠርሙሴ እስኪሞላ ቆመች። ከዚያ በቀስታ፣ «እንደ ሕፃን አትያዥኝ» ብላ ሄደች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴውን ሳይሆን ወጋሕታን ሳዳምጥ ዋልኩ። እኔ ውለታ እየከፈልኩ መስሎኝ ነበር። ክንዴ ሲጠቁር፣ ጄና ስታስወጣኝ፣ በልቤ «ይሁን፣ አልጋዋን የለቀቀችልኝ ልጅ ናት» እያልኩ ትንሽ ኩራት ነገርም ይሰማኝ ነበር። ለካ ያከበርኳት እየመሰለኝ ስሟን አጠፋሁት።

ታዲያ ምን ላድርግ? ነገ ሜዳ ላይ ቆሜ «ወጋሕታ መታችኝ» ብዬ ብጮህ፣ እማዬ ብትሰማ፣ የወጋሕታ እናት እትዬ ተብለጽ ብትሰማ... እትዬ ተብለጽ ጸጉሬን ታበጥርልኝ ነበር። እማዬ ለሥራ ማመልከቻ ስትዞር ጋሼ ኣስመላሽ ታክሲያቸውን አቁመው እኔን ከትምህርት ቤት ያመጡኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጄና ናፕኪን ላይ ብጽፍላት አይገባትም።

ጭንቅላቴ ዞሯል። እተኛለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ልጅቷ ቃሏን አጠፈች። ኤፕሪል 27 የእህቷ ልጅ ልደት ነው አሉ። ሱፐርቫይዘሩ «ፋሲካ እኮ አለፈ» ብሎ እማዬን እንደ ወትሮው አስገብቷታል። እማዬ ወሬውን የነገረችኝ ምስር እየለቀመች ነው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስላ።

«ቃል ገብታልሽ አልነበር?»

«ምን ይደረግ። ልደት ነው አለች።»

«አንቺስ?»

«አሁን ሄጄ ልጣላት ነው? አብሬያት እውላለሁ እኮ።»

በጣም ተናደድኩ። በሩን ዘግቼ ክፍሌ ገባሁ። ሰው መብቱን ሲወስዱበት እንዴት አፉን ይዘጋል? ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ለነገ ልምምድ ካልሲዬን ስፈልግ ዝም አልኩ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ነገ የአካባቢው ውድድር። ጄና የመነሻውን ሰባት ለጠፈች። ስሜ የለም። ተጠባባቂ ነኝ። «ልክ ነሽ» ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መሻሻል ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ሁለት ድል። ብዙ ሮጥኩ፣ ማንም አልመታኝም። ነገ የሪጅናሉ ትኬት። ከቀዮቹ ጋር። ሌላ ከማን ይሆናል? እግሬ አልቋል።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20፣ ሆሳዕና

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

እማዬ ጠዋት ሥራ ገባች። እኔ ከሌሊቱ ቅዳሴ ትንሽ ቆሜ፣ ዘንባባዬን ኪሴ ከትቼ አውሮራ ደረስኩ። ነፋሱ ባንዲራውን ሊነቅለው ደርሷል። እንዲህ ባለ ቀን ፍሪዝቢ ወደፈለገችው ነው የምትሄደው። እነሱ ያገባሉ፣ እኛ እናገባለን፣ ማንም አይርቅም። ልጆቹ ደከሙ። አንዷ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። እኩል ሆነን ጄና «የሚቀጥለው ጎል ያሸንፋል» አለች፤ ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። ሌላ ሰው የላትም ነበር። «ግቢ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ስገባ ከሜዳው ዳር አንድ ቢጫ ታክሲ ቆሞ አየሁ። አጠገቡ ጋሼ ኣስመላሽ። የልጃቸውን ጨዋታ ሊያዩ መጥተዋል። ወጋሕታ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ከተሸነፉ የኮሌጅ የመጨረሻ ጨዋታዋ ይህ ነው። ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረዋል። እኔን ሲያዩ ደግሞ በደስታ እጃቸውን አወዛወዙ!

ፍሪዝቢዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ ጄና ጋ ደረሰች። እሮጣለሁ፤ ወጋሕታ ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ነው። ጄና ወረወረች። ነፋሱ አነሣት፣ አቆያት፣ ለቀቃት። የጎሉ ክልል ውስጥ ዘልዬ በሁለት እጄ ያዝኳት። ይዤያታለሁ። ጣቶቼ ተዘግተዋል። ከዚያ የወጋሕታ እጅ ከላይ ወረደና ሁለቱንም እጆቼን መታ። ፍሪዝቢዋ ሣሩ ላይ ወደቀች።

ቀዮቹ ጮኹ። ከሩቅ ለሚያይ እኔ ነኝ የጣልኳት። ጄና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ቆመች። ልትጮህልኝ አትችልም። በዚያ ሜዳ ላይ ያንን ቃል መናገር የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ ኣስመላሽን አየሁ። ወጋሕታን አየሁ። ወደ ፍሪዝቢዋ ጎንበስ እያለች ነው፤ መምታቷን አላወቀችም፣ ከፊቷ ያስታውቃል። አልጋው ትዝ አለኝ። ሌባ ያለችው ትዝ አለኝ።

«ፋውል» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። «ፋውል!» አልኩ እንደገና። «ይዤያት ነበር። ከእጄ ላይ ነው የመታሽኝ።»

ሁሉም ነገር ቆመ። የእሷ ልጆች ከየአቅጣጫው «አልቀበልም በዪ! አልቀበልም በዪ!» እያሉ መጡ። አልቀበልም ብትል ፍሪዝቢዋ ወደ ጄና ትመለሳለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ በዚያ ነፋስ ማን እንደሚያሸንፍ እግዜር ያውቃል። ከተቀበለች ጎል ነው፣ አለቀ።

ወጋሕታ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ቀልቷል።

«ይዘሻት ነበር?» አለችኝ።

«ይዣት ነበር።»

ዓይኔን አየችኝ። ላጎነብስ ነበር፣ አላጎነበስኩም።

«ይዛት ነበር» አለች ወደ ልጆቿ ዞራ። «ጎል ነው።»

ከዚያ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጄና እየጮኸች መጥታ ወደቀችብኝ፣ ሌሎቹም ተከመሩብኝ። እኔ ከሥራቸው ሆኜ የማየው የወጋሕታን ጫማ ነበር፤ ማሰሪያውን እየፈታች።

ጋሼ ኣስመላሽ ሜዳውን አቋርጠው መጡ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዳኛው የታለ?» አሉኝ።

«ዳኛ የለም ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ፈረደ?»

«ወጋሕታ።»

«በራሷ ላይ?»

«አዎ ጋሼ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ሄደው አጠገቧ ተንበረከኩ። የዘንባባ ቀለበታቸውን አውልቀው ጣቷ ላይ ሲያደርጉላት አየሁ። አሸንፈን ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21

እማዬ ሰማች። እትዬ ተብለጽ ደውላ «ወጋሕታ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች» ብላታለች፤ ሌላውን እማዬ ራሷ ጨመረችበት።

«ሰው ፊት፣ አባቷ ፊት፣ ከሰሽ አስቀረሻት?»

«መታችኝ እማዬ። የጨዋታው ሕግ ነው።»

«ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ! ለሳህን ብለሽ!»

«ዝም ብዬ እኮ ነበር! ዝም ስል ሌባ አደረግኳት!»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል!» አልኳት። «ያንቺ ነቀዘ። ዝም ብለሽ ፋሲካሽን ወሰዱብሽ!»

እናቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። አልተቆጣችኝም። ድስቱን ከምድጃው አወረደች፣ እሳቱን አጠፋች፣ ክፍሏ ገባች። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ግን ደግሞ ቃሉን መልሼ መዋጥ አልፈልግም። ሁለቱም እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ወጋሕታ ደወለች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። ያለቀሰችው ኮሌጅ ስላለቀባት ነው። «አንቺ ምን አገባሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«አልጋሽን ለቀሽልኝ...» አልኳት።

«የምን አልጋ?»

አስታወስኳት። ከዚያ «ሄሪ» አለች፣ «መሬት ልተኛ ብዬ እናቴን የለመንኳት እኔ ነኝ። በየቀኑ ስሊፕኦቨር ነበር የመሰለኝ፤ ጓደኛ ለጨዋታ መጥታ ስታድር። እኅት የለኝም። ስትሄዱ ሳምንት ሙሉ አልጋው ላይ አልተኛም ብያለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ዕዳ እሷ ዘንድ አልተመዘገበም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25፣ ስቅለት

ከእማዬ ጋር ጎን ለጎን ስንሰግድ ዋልን። አልተነጋገርንም፣ ግን እኔ ስዘገይ ጠበቀችኝ።

ማታ ጋሼ ኣስመላሽ ደወሉላት። የእማዬን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። «አዎ... አይ፣ እኔማ አፍሬ ነው ያልደወልኩት... ምን? ... በራሷ ላይ? ... ልጄ ናት ያስፈረደቻት?» «አከበረቻት ነው የሚሉኝ?» አለች በመጨረሻ። ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት መብራት ሳታበራ ተቀመጠች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ጠዋት ስነሣ እማዬ ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ሳሎን መሃል ቆማለች፤ ስልክ በእጇ። ሥራ ልትገባ መስሎኝ ነበር።

ደወለች። ለሱፐርቫይዘሩ። የእማዬ እንግሊዝኛ ለ«ይቅርታ» እና ለ«እሺ» ነበር የተሰፋው፤ ዛሬ ሌላ ቃል ፈለገችበት። «ነገ ፋሲካዬ ነው። የባልደረባዬን ፋሲካ ሠርቼላታለሁ። ተስማምተን ነበር። ቃል ገብታልኛለች። ነገ አልመጣም።» አንድም ይቅርታ አልጨመረችም። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ዘጋችው።

«ምን አለሽ?»

«ልጅቷን ጠይቄ መልሼ እደውላለሁ አለኝ።» ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ፣ «አንቺ» አለችኝ፣ «በሳህኑ ጨዋታ፣ አልቀበልም ካለች ምን ይሆናል?»

«ወደ ወርዋሪዋ ይመለሳል።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ትወረውሪያለሽ።»

ነጠላዋን ሁለቴ አስተካከለች።

«እንግዲያው አልቀበልም ካለች እንደገና እደውላለሁ» አለች።

ስልኩ ጠራ። እማዬ ከማንሣቷ በፊት ተነሥታ ቆመች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 27

ቶርንተን ነን። ሁለታችንም።